ካሜራው ከመደቡ እኩል ሲቀመጥ

ባለፈው ጥር ጎጃም ውስጥ አማኑኤል አካባቢ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ቪዲዮው ከወር በኋላ ተሠርቶ ሲመጣ ቤተሰቡ አክስቴ ቤት ተሰብስቦ አየው። መክፈቻው ከሰማይ ነው። ድሮኑ በታጨደ የጤፍ ማሳ ላይ ያልፋል፣ የባሕር ዛፉን ጫፍ ይሻገራል፣ ዳሱን አንድ ጊዜ ይዞርና እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ምስሉ ጥርት ያለ፣ ሙዚቃውም ደስ የሚል ነበር። አክስቴ ዓይኗን አጥብባ ስትፈልግ ቆይታ «ቤታችን የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች። ማናችንም እርግጠኛ ሆነን ልንነግራት አልቻልንም።

ትንሽ ቆይቶ የምርቃቱ ክፍል መጣ። አያቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሙሽሮቹን ይመርቃሉ። ቪዲዮ ቀራጩ ቆሞ ስለነበር ካሜራው ቁልቁል ነው የሚያያቸው፤ የሚታየው ጋቢያቸው፣ አናታቸውና ወደ ፊት የተዘረጋው እጃቸው ነው። ፊታቸው በጥላ ተውጧል። አክስቴ ምርቃቱ እስኪያልቅ አልተናገረችም። ከዚያ «አባቴን አሳነሰብኝ» አለች።

አክስቴ የፊልም ትምህርት አልተማረችም። ካሜራን ከፍ አድርጎ ሰውን ቁልቁል ማየት በባለሙያዎች አነጋገር ‹ሃይ አንግል› እንደሚባል፣ ሰውንም አቅም ያነሰው አስመስሎ እንደሚያሳይ ማንም አልነገራትም። ሆኖም የሆነውን ከሁላችን ቀድማ አወቀችው፤ ቁመት በጎጃም ቤት ውስጥ ትርጉም አለውና። ምርቃት የሚቀበል ሰው ጉልበት ይስማል። እጅ የሚያስታጥብ ልጅ ጎንበስ ይላል። ሽማግሌ ሲገባ የተቀመጠ ይነሣል። በዚያ ዕለት በዚያ ክፍል ውስጥ ሙሽራው ተንበርክኮ፣ ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ፣ ሚዜዎቹም ጎንበስ ብለው ነበር። ያልጎነበሰው ካሜራው ብቻ ነው።

ዛሬ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዳንግላ ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ መቅረጽ ይችላል። አጭር ፊልም፣ የዘፈን ክሊፕ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የዩቲዩብ ድራማ ያለማቋረጥ ይወጣል። መሣሪያው ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው በብዙ ይሻላል። ከእነዚህ ልጆች ጋር በተገናኘሁ ቁጥር የሚነሣው ወሬም ስለ መሣሪያው ነው፤ የትኛው ስልክ፣ የትኛው ሌንስ፣ የትኛው ድሮን። ካሜራው የት ይቁም ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ግን ተመልካች በአንድ ሰው ላይ የሚያድርበትን ስሜት ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው የካሜራው አቋቋም እንደሆነ አምናለሁ፤ ከፍታው፣ ርቀቱ፣ ሳይነቃነቅ የሚቆይበት ጊዜ። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የእኛ ቤትና የእኛ ወግ ብዙ መልስ አላቸው።

ቁልቁልና ሽቅብ

ካሜራ ከሰው ዓይን ከፍ ብሎ ቁልቁል ሲያይ ከሰውየው ጀርባ የሚታየው መሬት ይሆናል። ሰውየው ወለሉ ላይ የተለጠፈ ይመስላል፤ እግሩ ያጥራል፣ ግንባሩ ይሰፋል፣ ዓይኑ በቅንድቡ ይሸፈናል። ካሜራው ዝቅ ብሎ ሽቅብ ሲያይ ከጀርባው ሰማይ ወይም ጣሪያ ይመጣል፤ ደረቱና አገጩ ይጎላሉ፣ ሰውየው ቦታውን ይሞላል። ይህን የፊልም ሰዎች በስምምነት ብቻ የፈጠሩት አይመስለኝም። ሁላችንም ሕፃን ሳለን አባትና እናታችንን ሽቅብ እያየን አድገናል። ከላይ የሚያየንን ማን እንደሆነ፣ እኛ ከላይ የምናየውንም ማን እንደሆነ ሰውነታችን ያስታውሳል።

አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ኦርሰን ዌልስ በ1941 እ.ኤ.አ. ‹ሲቲዝን ኬን›ን ሲሠራ የካሜራ ባለሙያው ግሬግ ቶላንድ ካሜራውን በጣም ዝቅ ለማድረግ የስቱዲዮው ወለል እንዲቆፈር እስከማድረግ ደርሷል። ከታች ሲቀረጽ ጣሪያው ስለሚታይ ለክፍሎቹ ከጨርቅ ጣሪያ ተሠራላቸው። ስለዚህ ፊልም ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ከወለል ሥር የተቀረጸው ዝነኛ ትዕይንት የድል ትዕይንት አይደለም። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕሪ ኬን በምርጫ ከተሸነፈ በኋላ በተበታተነው ጽሕፈት ቤቱ ከቀድሞ ወዳጁ ጋር ሲጋፈጥ ነው። ሰውየው እንደ ዋርካ ገዝፎ ይታያል፣ ግዝፈቱ ግን ምንም አላተረፈለትም፤ የሽንፈቱ መራራነት የሚሰማን በዚህ ነው። «ከታች ቅረጸው፣ ኃያል ይመስላል» የሚለው ቀመር እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው። የፉከራና የቀረርቶ ክሊፖቻችን አብዛኞቹ በዚህ ግማሽ እውነት ነው የሚቀረጹት። ፎካሪውም፣ አጃቢውም፣ ፈረሱም፣ ጠመንጃውም ከታች ሲታይ የማንም ኃይል ከማንም አይለይም።

ለአያቴ ምርቃት የሚስማማው መፍትሔ ከታች መቅረጽም አይደለም። ያ ደግሞ ሰውን ሐውልት ያደርጋል። ከ1927 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. ፊልም የሠራው ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ በዚህ ረገድ ለእኛ ቅርብ ነው። የጃፓን ቤተሰብ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ኦዙም ካሜራውን ወደዚያው ወደ ወለሉ አወረደው። ሌንሱ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ 50 ሚሊ ሜትር ነበር (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያሳያል)፣ ካሜራውም ብዙ ጊዜ አይንቀሳቀስም። የሚያሳየው ወላጆችና ልጆች ሻይ ሲጠጡ፣ ሲሸኛኙ፣ የሚናገሩት ሲጠፋቸው ነው። ተመልካቹ አብሯቸው የተቀመጠ እንግዳ ይሆናል። እንግዳ ደግሞ ቆሞ አያወራም።

መደብና በርጩማ ላለበት ቤት ከዚህ የሚጠቅም ትምህርት አላውቅም። መደብ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ነው የሚሆነው። ትራይፖዱን እዚያ ልክ ማውረድ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ቡና የምታፈላ ሴት ከዚያም ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። ቡና ሲፈላ የሚያሳዩ ቪዲዮዎቻችንን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ቆሞ ባለፈ ሰው ዓይን የተቀረጹ ናቸው። የምናየው ረከቦቱንና የሴትየዋን ሹሩባ ነው። ፊቷን የምናየው ቀና ብላ ለቀራጩ ፈገግ ስትል ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቡናው ተረስቷል።

ቅርበትና ዕንባ

ስለ ርቀት ስንናገር መጀመሪያ ስልኩን እንወቀው። የአብዛኛው ስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ነው፤ በትልቅ ካሜራ መለኪያ ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ብዙ ቦታ እንዲያሳይ ተብሎ የተሠራ ነው እንጂ ፊት እንዲያሳይ አይደለም። በዚህ ሌንስ ፊትን ለመሙላት ወደ ሰውየው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መጠጋት ይጠይቃል። የሰው አፍንጫ ከጆሮው 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት የወጣ ነው እንበል። ሌንሱ ከአፍንጫው 30፣ ከጆሮው 42 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር በ40 በመቶ ይገዝፋል። ሁለት ሜትር ራቅ ብንል ግን ልዩነቱ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። የሚያዛባው እንግዲህ ርቀቱ ነው። ራቅ ብሎ፣ ስልኩ ሁለተኛ ሌንስ ካለው በእሱ መቅረጽ የሰውን ፊት ወደ ራሱ ይመልሰዋል።

ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሥነ ምግባሩ ነው። በሠርግ ቪዲዮ ሙሽራዋ ከቤቷ ስትወጣ ታለቅሳለች፤ እናቷም ታለቅሳለች። ቀራጩ ይህን ሲያይ ይሮጣል። ካሜራው ከጉንጯ ላይ ይደርሳል፣ ዕንባው ስክሪኑን ይሞላል፣ በአርትዖት ጊዜ ደግሞ ይዘገያል፣ ዋሽንት ይገባበታል። ይህን ስመለከት ሐዘን አይሰማኝም፤ የሚሰማኝ እፍረት ነው። የሌላ ሰው ቤት በር ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ የማይ ይመስለኛል።

ለቅሶ ቤት ስንሄድ እንዴት እንደምንገባ እናስብ። ከበር ላይ ሆነን አንዴ እናያለን። ራቅ ብለን እንቀመጣለን። ዝም እንላለን። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንላለን፣ ደግመን ዝም እንላለን። ወደ ሐዘንተኛው የምንቀርበው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው፤ ያም እሱ ራሱ ሲፈቅድ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሙሉ የፊልም ትምህርት አለ። ሰፊው ምስል ይቅደም፤ ተመልካቹ ክፍሉን፣ ባዶውን ቦታ፣ ዝም ያሉትን ሰዎች ይይ። ካሜራው ይቆይ። ወደ ሰው ፊት የሚደረገው ቅርበት፣ ባለሙያዎቹ ‹ክሎዝ አፕ› የሚሉት፣ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ሲመጣ ልብን ይይዛል። ዴንማርካዊው ካርል ድራየር በ1928 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዊቷን ቅድስት የጃን ዳርክን የፍርድ ሂደት በአብዛኛው በፊቶች ብቻ፣ ተዋንያኑንም ያለ ሜካፕ ቀርጾ አሳይቷል። እሱን አይቶ «እኔም ፊት ብቻ እቀርጻለሁ» የሚል ሰው ግን ድራየር ፊቶቹን ምን ያህል ጊዜ ጠብቆ እንዳያቸው ማስተዋል አለበት። የእኛ ክሊፖች ፊትን አሳይተው በሁለት ሰከንድ ይሸሻሉ።

ሩቅ ማለት ደግሞ ቀዝቃዛ ማለት አይደለም። ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣው ‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት› ገበሬዎቹን በጥቁርና ነጭ፣ ብዙ ጊዜ ከሩቅ፣ ለረጅም ጊዜ ሲለፉ ያሳየናል። ሰዎቹ በመሬቱ ላይ ትንንሽ ሆነው ይታያሉ። ያሳነሳቸው ግን የካሜራው ንቀት አይደለም፤ የሥራው ርዝመትና የመሬቱ ስፋት ነው። እርሻ ላይ የዋለ ሰው ያንን ርቀት ያውቀዋል። ምሳ ይዛ ወደ ማሳው የምትሄድ ልጅ አባቷን መጀመሪያ የምታየው እንደዚያ ነው።

ሁለት ዓይን፣ አንድ ዓይን

በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሎቹን ዞሮ የሚያይ ሰው አንድ ሕግ ያስተውላል። ቅዱሳኑ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። አሳዳጆች፣ ወንጀለኞች፣ አጋንንት ግን በጎን ተሥለዋል፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የታወቀ ወግ ነው ይህ። ማንበብ የማይችል ምእመን ሰይፍ ከያዙት ሁለት ሰዎች ሰማዕቱ የትኛው፣ ገዳዩ የትኛው እንደሆነ በዓይናቸው ብዛት ይለያል።

ፊልምም የሚሠራው በዚሁ ነው፣ ምንም እንኳ ሕጉ እንደ ሥዕሉ የጸና ባይሆን። ፊቱን ሙሉ ለሙሉ የሚሰጠን ሰው ያመነን ይመስለናል፤ በጎኑ ብቻ የምናየው ሰው ደግሞ የደበቀን ነገር ያለ ይመስለናል። ተዋናዩ አንድ ቃል ሳይናገር ካሜራው ከጎኑ ወደ ፊቱ ቀስ እያለ ቢዞር ተመልካቹ «አሁን ሊናገር ነው» ይላል። በተቃራኒው ሲሟገቱ የነበሩ ባልና ሚስትን ከፊት እያሳዩ ቆይቶ ድንገት ሚስቲቱን ከጀርባዋ ማሳየት በራሱ የተዘጋ በር ነው። ይህን ለማድረግ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ማን ለማን ፊቱን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ሩሲያዊው የፊልም አዘጋጅ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የአንድ ተዋናይን ፊት፣ ያንኑ ምስል ሳይለውጥ፣ አንዴ ከሾርባ ሳህን ቀጥሎ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ቀጥሎ አስገባው። ተመልካቾች በመጀመሪያው ረሃብን፣ በሁለተኛው ሐዘንን ፊቱ ላይ አየን አሉ ተብሎ ይተረካል። ፊቱ ግን አልተለወጠም። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለኝ የቅኔው ኅብር ነው። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ በሚገኙበት አገር ያደገ ሰው፣ ቅኔ ባይቆጥርም እንኳ፣ አንድ ቃል ሳይነካ ሁለት ትርጉም መሸከም እንደሚችል ከልጅነቱ ይሰማል። ቃሉን የሚያዞረው ጎረቤቱ ነው። ፊትም እንደዚያ ነው። ተዋናይ አብዝቶ ሲያለቅስ፣ አብዝቶ ሲቆጣ የሚታየው አዘጋጁ በሁለት ምስሎች መካከል የሚፈጠረውን ትርጉም ስላላመነ ነው ብዬ አስባለሁ። የቅኔ መምህር ኅብሩን ዘርፎ፣ ተርጉሞ፣ ወርቁን በእጁ ይዞ ቢያዞር ቅኔው ምን ይቀረዋል? ተዋናዩ ዝም ይበል፣ ቀጥሎ ባዶው በርጩማ ይታይ። የቀረውን ተመልካቹ ያደርገዋል።

ፈረስ፣ ትከሻና ገደል

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በየዓመቱ እየበዙ ነው፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ፈረሱ ሁልጊዜ በዝግታ ነው የሚሮጠው። በሰከንድ 120 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ተቀርጾ በ24 ሲታይ አንዱ ሰከንድ አምስት ሰከንድ ይሆናል። የጋማው ንቅናቄ ያምራል፣ አቧራው ያምራል። የፈረሱ ፍጥነት ግን የለም፣ የኮቴው ድምፅም የለም። እዚያ ቆሞ ያየ ሰው የሚያስታውሰው ግን መሬቱ ሲርድ፣ ፈረሱ ደርሶ ሲያልፍ ልቡ የደነገጠውን ነው።

ይህን ድንጋጤ የሚያመጣው የሌንስ ምርጫ ነው። ሩቁን በሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ከሩቅ የተቀረጹ ፈረሶች እርስ በርስ የተጣበቁ፣ እየጋለቡ ቦታቸውን የማይለቁ ይመስላሉ፤ ብዛታቸውን ለማሳየት፣ እየመጣ ያለ ግን ገና ያልደረሰ ኃይልን ለማሳየት ይህ ጥሩ ነው። በሰፊ ሌንስ፣ ካሜራው ከመንገዱ ዳር ዝቅ ብሎ ሲቆም ፈረሱ መጀመሪያ ነጥብ ነው፤ ከዚያ በድንገት ስክሪኑን ሞልቶ ያልፋል። ሁለቱን ማከታተል፣ በመደበኛው ፍጥነት፣ ከነድምፁ፤ ከዚህ በላይ ምንም ማስጌጫ አያሻውም።

ስለ እስክስታ ደግሞ አጭር አቤቱታ አለኝ። የጎጃም እስክስታ ያለው ትከሻ ላይ ነው፤ ትከሻው ከአንገትና ከደረት ጋር ሲነጋገር። ክሊፕ አርታዒዎቻችን ጭፈራውን በየሰከንዱ ይቆርጡታል፤ ፊት፣ እግር፣ መቀነት፣ ድሮን፣ ፊት። አሜሪካዊው ዳንሰኛ ፍሬድ አስቴር ሲደንስ መላ አካሉ በፍሬሙ ውስጥ እንዲታይና መቁረጡ እንዲቀንስ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር፤ ዳንሱን የሚሠራው አካሉ እንጂ መቀሱ እንዳልሆነ ያውቃልና። ከወገብ በላይ፣ ሳይነቃነቅ፣ ሃያ ሰከንድ ብቻ ካሜራው ቢታገሥ ዘፋኙም ጨፋሪውም ያተርፋሉ።

የካሜራ እንቅስቃሴ ስሜትን እንዴት እንደሚያናውጥ ከሁሉ በግልጽ የሚታየው በከፍታ ፍርሃት ነው። የፊልም አዘጋጁ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1958 እ.ኤ.አ. በሠራው ‹ቨርቲጎ› ገጸ ባሕሪው ደረጃውን ቁልቁል ሲያይ የካሜራው እንቅስቃሴና የሌንሱ ዙም በአንድ ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ጠርዙ ቦታውን ሳይለቅ መሐሉ ይወጠራል፣ ጉድጓዱ ይጠልቃል። የደረጃውን አነስተኛ ሞዴል በጎኑ አጋድመው ነው የቀረጹት። ደጀን ላይ ቆሞ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ያየ ሰው ያንን ስሜት ያውቀዋል፤ እግር መሬት ላይ ነው፣ ሆድ ግን ቀድሞ ወርዷል። ይህን ዘዴ በጥሩ ስልክ ዛሬ መሥራት ይቻላል። አንድ ፊልም ውስጥ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ባይገባ እመርጣለሁ፤ ተመልካች ለሁለተኛ ጊዜ ሲያየው ዘዴውን ነው የሚያየው።

ጋቢና በር

አያቴን ወደ ጥላ የጣላቸው የካሜራው ቁመት ብቻ አልነበረም። ካሜራ በራሱ ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል፤ መለኪያው ብርሃንን 18 በመቶ የሚያንጸባርቅ ግራጫ ነው። ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ ፊቱ ጠይም የሆነ ሽማግሌ ከካሜራው ፊት ሲቀመጥ ካሜራው የሚያየው ጋቢውን ነው። «በጣም ነጣ» ይልና ያጨልመዋል። ጋቢው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ይጠፋል። የእኛ የበዓል ልብስ ነጭ ነው፤ ይህ ስሕተት እንግዲህ በየበዓሉ ይደገማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስልኩ ላይ ፊቱን ነክቶ መለኪያውን እዚያ መቆለፍ፣ ጋቢው ትንሽ ቢነጣም መተው። የሰውየው ታሪክ ያለው ፊቱ ላይ ነው።

የገጠር ቤት ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከአንድ በር ይገባል። ለቀራጭ ይህ ችግር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ስጦታ ነው። በሩን ከሰውየው ጀርባ ካደረግን ጥቁር ጥላ እናገኛለን። ከጎኑ ካደረግነው ግን ግማሽ ፊቱ ይበራል፣ ግማሹ ቀስ እያለ ወደ ጨለማው ይገባል፤ የጉንጩ መስመር፣ የቅንድቡ ሽበት፣ ሁሉም ይወጣል። ምድጃው ጢስ ካለው ብርሃኑ ራሱ መልክ ይዞ ይታያል። ብዙ ቀራጮች ይህን ትተው ነጭ የኤልኢዲ መብራት ካሜራው አናት ላይ ይሰቅላሉ። ጢሱ ይጠፋል፣ ጨለማው ይጠፋል፣ ቤቱም የማንም ቤት ይሆናል። የክረምት ደመናም እንዲሁ ይናቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ራሱ እንደ ትልቅ መጋረጃ ብርሃኑን ያለሰልሳል፤ በፀሐይ የማይታየው የፊት ዝርዝር ያን ጊዜ ይታያል። ቀራጮቻችን ግን መስከረም ጠብቶ አደይ አበባው እስኪፈካ ካሜራቸውን ያስቀምጣሉ።

ከሰማይ የሚያይ

ወደ ድሮኑ ልመለስ። ድሮን መጥፎ ነው አልልም፤ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ያለውን መልክ ከላይ ማየት ለእኔም ደስታ ነው። ይሁን እንጂ ከቀጥታ በላይ የሚታይ መሬት ጠፍጣፋ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው ጮቄ እንኳ ከአናቱ ላይ ሲታይ ተራራነቱን ያጣል። ተራራን ተራራ የሚያደርገው ከእግሩ ሥር ቆሞ ቀና የሚል ሰው ነው።

ጢስ ዓባይ የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ካሜራ አልነበረውም፣ ግን የፊልም አዘጋጅ ዓይን ነበረው። ከሩቅ የሚመጣ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያየው ፏፏቴውን አይደለም፤ ከሸለቆው የሚነሣውን ጢስ ነው። ቀጥሎ ድምፁን ይሰማል። ውኃውን የሚያየው በመጨረሻ ነው። በዚያ ስም ውስጥ የምስሎቹ ቅደም ተከተል አለ፤ ጉጉትም አለ። ድሮኑ ግን በመጀመሪያው ሰከንድ ሁሉንም ይሰጠንና የምንጠብቀው ነገር አያስቀርልንም።

ሌላም ነገር አለ፣ ማለፍ የማልችለው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ምክንያት ከሰማይ የሚሰማ የሞተር ድምፅ ለብዙ የጎጃም ሰው የስጋት ድምፅ ሆኗል። ከላይ ቁልቁል የሚያይ ዓይን እዚህ አገር የውበት ዓይን ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት አዘጋጅ ፊልሙን በድሮን ሲከፍት ተመልካቹ፣ በተለይ ከገጠር የመጣው፣ ምን ሊሰማው እንደሚችል ማሰብ አለበት። ያንን ስሜት ሆን ብሎ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ስለ ዘመኑ የሚናገር ፊልም ከሆነ ትልቅ አቅም አለው። ሳያስበው ሲቀር ግን ሠርግን በስጋት ይከፍተዋል።

በፋሲካ ማግስት አማኑኤል ሄድኩ። ትራይፖድ አልያዝኩም ነበርና በርጩማ ላይ እንቅብ ደፍቼ ስልኬን እንጨት ደግፌ አቆምኩት፤ ከአያቴ ዓይን እኩል። በሩ በቀኛቸው ነበር። ፊታቸውን ነክቼ ብርሃኑን ቆለፍኩና ከስልኩ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ አንድ በሬ፣ ስለ ሞተ ወንድማቸው አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ተናገሩ። መሐል ላይ ረጅም ዝምታ አለ፤ ውጭ ዶሮ ይጮኻል። ያንን አልቆረጥኩትም። ወደ መጨረሻው ንግግራቸውን አቋርጠው «ምሳ በልተሃል?» ብለው ጠየቁ። እኔ ከጎን ነኝ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ሌንሱ ነበር።